የካርቦን ሌዘር፦ ስሌቱ አለ፣ ሶኬቱ የለም

እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ወሬ ኢንተርኔቱን አጥለቅልቆት ነበር። ሞባይል ስልክ ከእንግዲህ ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ መሆኑ ይቀራል፣ ሸሚዝ ላይ ይታተማል ተባለ። የወሬው መነሻ አውስትራሊያ የሚገኘው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቻናካ ሩፓሲንሄ፣ ኢቫን ሩክሌንኮና ማሊን ፕሪማራትኔ የተባሉ ተመራማሪዎች ሙሉ በሙሉ ከካርቦን የሚሠራ እጅግ ጥቃቅን ሌዘር ነድፈው ኤሲኤስ ናኖ በተባለው የሳይንስ መጽሔት አወጡ። ዜናውን ያነበበ ሰው ዕቃው ተሠርቶ ያለቀ ይመስለዋል። ጥናቱን ከፍቶ ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። የተሠራ ነገር የለም። ስሌት ነው። ጎበዝ ስሌት ነው፣ ግን ስሌት ነው።

ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ፤ ሸሚዛችን እስካሁን አልጮኸም።

ይህን የማነሳው ሰዎቹን ልወቅስ ብዬ አይደለም። እነሱ በንድፈ ሐሳብ ያሳዩት ነገር መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል፤ ያራገበው ዜናው ነው። አሁን ማንሳት ያስፈለገኝ የጥቃቅን ሌዘር ጉዳይ ከሰሞኑ የቺፕ ሰዎችን ራስ ምታት ስለሆነና «የካርቦን ሌዘር መጣ» የሚል ርዕስ በየጊዜው ብቅ ስለሚል ነው። እንዲህ ዓይነት ዜና ሲያጋጥማችሁ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህ ሌዘር ኃይሉን ከየት ነው የሚያገኘው? ከሒሳብ ቀመር ከሆነ ንድፍ ነው። ከሌላ ትልቅ ሌዘር ከሆነ የላብራቶሪ ሥራ ነው። ከባትሪ ከሆነ፣ ያኔ ብድግ ብለን እናጨበጭባለን።

ራስ ምታቱ ምንድን ነው ታዲያ? ነገሩ ወዲህ ነው። ኤአይ የሚያሠለጥኑት ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ አይሠሩም። በሺዎች የሚቆጠሩ ቺፖች ተያይዘው እንደ አንድ ማሽን ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ሲያወሩ ይውላሉ። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው የዓለም ዳታ ሴንተሮች በ2024 ወደ 415 ቴራዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በልተዋል፤ ከዓለም ፍጆታ 1.5 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በ2030 ወደ 945 ይደርሳል ብሎም ገምቷል። ከዚህ ላይ ቀላል የማይባለው የሚሄደው ለስሌቱ ሳይሆን መረጃን ከቺፕ ወደ ቺፕ ለማመላለስ ነው። የመዳብ ሽቦ ፍጥነት ሲጨመርበት ይሞቃል፣ ምልክቱም ሩቅ ሳይሄድ ይደክማል። ብርሃን እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለበትም። የቺፕ ኩባንያው ኤንቪዲያ በማርች 2025 የብርሃን ማስተላለፊያው ከስዊች ቺፑ (መረጃውን ወደየመድረሻው ከሚያከፋፍለው) ጋር አብሮ የታሸገበትን ምርት ያስተዋወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚያም ቢሆን ግን ሌዘሩ ቺፑ ላይ የለም። ለብቻው ሌላ ቦታ ተቀምጦ ብርሃኑ በፋይበር ተስቦ ይገባል። ለምን? ቺፑ የተሠራበት ሲሊከን ብርሃን አያመነጭም ማለት ይቻላል። ውስጡ ያለ ኤሌክትሮን ከከፍተኛው የኃይል ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ሲወርድ ትርፉን በብርሃን መልክ መስጠት ይከብደዋል፤ አብዛኛውን በሙቀት ያባክነዋል። ስለዚህ ሌዘሩ ከሌላ ነገር ይሠራል፤ ከጋሊየም አርሴናይድ ወይም ከኢንዲየም ፎስፋይድ።

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቤታችሁ የፋይበር ኢንተርኔት ካለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ሳጥን ውስጥ አንድ ሌዘር አለች። ጂፖን በሚባለውና በብዙ አገር በሚሠራበት ሥርዓት ወደ እናንተ የሚመጣው መረጃ በ1490 ናኖሜትር ብርሃን ይመጣል (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው፤ ቁጥሩ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም ቀለሙን ይነግረናል)፣ ከእናንተ የሚወጣው ደግሞ በ1310 ናኖሜትር ይሄዳል። ይህን 1310 የምታመነጨው ሩብ ሚሊሜትር ገደማ የሆነች የኢንዲየም ፎስፋይድ ቁራጭ ናት። ዓይን አያየውም፣ ኢንፍራሬድ ነው። ፎቶ የላካችሁ ቁጥር እሷ ናት ብልጭ ድርግም የምትለው።

ችግሩ እነዚህ ቁሶች ከሲሊከን ጋር አይስማሙም፤ የአተሞቻቸው አደራደር ስለማይገጥም አንዱን በሌላው ላይ ማሳደግ አበሳ ነው። ፖለቲካም አለበት። ከዓለም ጋሊየም ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመረተው ቻይና ነው። ቻይና በ2023 ጋሊየምና ጀርማኒየም በፈቃድ ብቻ ከአገር እንዲወጡ አደረገች፣ በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ኢንዲየም ፎስፋይድን ጨመረችበት። ካርቦን ላይ ግን ማን በር ይዘጋል? የትም ያለ ነገር ነው። የካርቦን ሌዘር ሐሳብ የሚያጓጓውም ግማሹ ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ሌዘር ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። አንስታይን በ1917 አንድ ነገር ጻፈ፦ ኃይል የተሸከመ አተም በአጠገቡ ብርሃን ሲያልፍ ያንኑ ብርሃን የሚመስል ሌላ ብርሃን እንዲለቅ ሊገፋፋ ይችላል። ሁለቱ ተመሳሳይ ናቸው፣ ቀለማቸውም አቅጣጫቸውም አንድ። በ1960 ቴዎዶር ሜይማን ካሊፎርኒያ ውስጥ በሩቢ ድንጋይ ሠርቶ አሳየ። ለሌዘር ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ብርሃን የሚያጎላ ቁስ፣ ብርሃኑን የሚያመላልስ መስታወት፣ እና ቁሱን ኃይል የሚመግብ ምንጭ። ሥራው ቀዳዳ እንስራ የመሙላት ያህል ነው፤ ከሚፈሰው በላይ ካልቀዳችሁበት መቼም አይሞላም። በመስታወቱ የሚያመልጥ አለ፣ ቁሱ ራሱ መልሶ የሚውጠው አለ፣ ወደ ሙቀት የሚለወጥ አለ። የሚገባው ከሚባክነው የሚበልጥባት ልክ ላይ ስንደርስ ድንገት ሌዘር ይሆናል። ከዚያች ልክ በታች ያለው ተራ አምፖል ነው።

አሁን ይህን ነገር አሳንሱት። በጣም አሳንሱት። የሚያጎላው ቁስ ባነሰ ቁጥር ጉልበቱም ያንሳል፣ ብክነቱ ግን አብሮት አይቀንስም። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የቀረው ታሪክ በሙሉ ይህን ብክነት ስለማሸነፍ ነው።

ካርቦን ሲባል ከሰልና ጥላሸት ትዝ ቢለን አይፈረድብንም። እነሱ ብርሃን ይውጣሉ እንጂ አይሰጡም። አተሞቹ በሌላ መልክ ሲደረደሩ ግን ጠባዩ ይለወጣል። አንድ አተም ብቻ ውፍረት ያለው ንጣፍ ግራፊን ይባላል። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በ2004 ማንችስተር ውስጥ ከግራፋይት ላይ በስኮች ልጠው አወጡት፣ በ2010 ኖቤል ተሸለሙበት። ግራፊን ግን ብቻውን የብርሃን ምንጭ አይሆንም። ኤሌክትሮን ተንደርድሮ የሚዘልለው ክፍተት የለውም፤ ክፍተት ከሌለ ደግሞ ወጥ ቀለም ያለው ብርሃን የለም። ክፍተቱን ለማምጣት ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ንጣፉን መጠቅለል፣ ወይ በጣም ቀጭን አድርጎ መቁረጥ።

ሲጠቀለል ናኖቲዩብ ነው። ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 ጃፓን ውስጥ ይፋ ያደረገው ማለት ነው። የቱቦው ውፍረት ቀለሙን ይወስናል። አንድ ናኖሜትር ገደማ የሆነው ቱቦ የሚሰጠው ብርሃን ደግሞ 1300 ናኖሜትር አካባቢ ላይ ያርፋል፣ ትንሽ ወፈር ሲል ወደ 1550 ይጠጋል። የፋይበር ኢንተርኔት የሚሠራበት ቀለም በትክክል ይኸው ነው! ማንም አቅዶ አላደረገውም፣ እንዲያው ገጠመ። የኦፕቲክስ ሰው ይህን ሲሰማ እንዴት አይጎመጅ?

ግን ከግኝቱ በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ ማንም ሲበራ አላየውም። ምክንያቱ ቱቦዎቹ መጣበቅ ይወዳሉ፣ ተጣብቀው ጥቅል ይሠራሉ። በደፈናው ሲመረቱ ከሦስት አንዱ የብረት ጠባይ አለው። ያ አንዱ የጎረቤቶቹን ብርሃን ጭጭ ያሰኛል። በ2002 ሂዩስተን በሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ የብሩስ ዋይዝማንና የሪቻርድ ስሞሊ ቡድኖች መፍትሔ አገኙ። ቱቦዎቹን ሳሙና መሰል ነገር ካለበት ውኃ ጋር ቀላቅለው በአልትራሳውንድ አንቀጠቀጧቸው፣ ከዚያም በከፍተኛ ፍጥነት አሽከረከሯቸው። ጥቅሎቹ ከባድ ስለሆኑ ወደ ታች ዘቀጡ። ላይ የቀሩት ነጠላ ነጠላ ቱቦዎች፣ እያንዳንዳቸው ሳሙና የለበሱ፣ መብራት ጀመሩ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የአይቢኤም ሰዎች በአንዲት ቱቦ ውስጥ ከአንድ ጫፍ ኤሌክትሮን፣ ከሌላው ጫፍ ቀዳዳ (የኤሌክትሮን ጉድለት ማለት ነው) አስገብተው በኤሌክትሪክ አበሯት።

እንግዲህ ቀለሙ ልክ ነው፣ በኤሌክትሪክም በርቷል። ሌዘር ለመሆን ምን ቀረው? ቀረው እንጂ። ናኖቲዩብ ከሚሰጡት ኃይል የሚመልሰው ብርሃን ትንሽ ነው፤ እንደዚያ በሳሙና ውኃ ውስጥ ሲሆን ከመቶ አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች። አንደኛው ምክንያት፣ በቱቦው ውስጥ ኤሌክትሮኑና ቀዳዳው ለየብቻ አይሄዱም፣ ኤክሳይቶን የሚባል ጥንድ ሆነው ተቃቅፈው ነው የሚሄዱት። ከጥንዶቹ ዓይነቶች ዝቅተኛ ኃይል ያለው ደግሞ ብርሃን መስጠት ያልተፈቀደለት ነው። ጨለማ ይሉታል። ሁለተኛው፣ ኤክሳይቶኑ ቁጭ አይልም። በቱቦው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ከእንከን ወይም ከቱቦው ጫፍ ጋር ይላተማል፣ ያን ጊዜ ብርሃኑ ይጠፋል። ሦስተኛው ለሌዘር የከፋው ነው፤ ሁለት ኤክሳይቶኖች ሲገናኙ አንዱ ይሞታል። ሌዘር ለመሥራት ብዙ ኤክሳይቶን ያስፈልጋል፤ ባበዛችሁ ቁጥር ግን እርስ በርስ ይጨራረሳሉ። እርሻውን ሲያሰፉት አንበጣው አብሮ ሰፋ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ መፍትሔው የመጣበት መንገድ ነው። እንከን ጠላት ነው ስንል ኖረን በ2013 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው የዩሁዋንግ ዋንግ ቡድን ሆን ብሎ እንከን ተከለ። በቱቦው ግድግዳ ላይ እዚህም እዚያም ትንሽ የኬሚካል ቁራጭ አጣበቁ። ያ ቦታ ተንከራታቹን ኤክሳይቶን ይይዘዋል፣ ከያዘው በኋላም ብርሃን እንዲሰጥ ይፈቅድለታል። ድምቀቱ እስከ 28 እጥፍ ጨመረ። ከዚያ በፊት በ2010 ፈረንሳይ ውስጥ የነበረ ቡድን ከብረት መሰሎቹ በተጣራ የናኖቲዩብ ንጣፍ ብርሃን ሲጎላ መለካቱን አስታውቆ ነበር። ማጉላት ቻለ ማለት በሩ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ኃይሉ ግን የመጣው ከሌላ ሌዘር ነበር። ጥያቄያችንን አትርሱ።

ወደ ሞናሾቹ ንድፍ ልመለስ። እነሱ ያሳሰባቸው ሌላ ችግር ነው። ብርሃን ራሱ መጠን አለው። የ1300 ናኖሜትርን ብርሃን በመስታወት አጥራችሁ ከጥቂት መቶ ናኖሜትር በታች ልታሳንሱት አትችሉም፤ ትራንዚስተር ግን በአሥር ቤት በሚቆጠር ናኖሜትር ነው የሚለካው። ሌዘሩን ከትራንዚስተር ጎን ላስቀምጥ ያለ ሰው ግጣሙ አይመጣለትም። በ2003 ዴቪድ በርግማንና ማርክ ስቶክማን አንድ መውጫ አመለከቱ፦ ብርሃኑን ትታችሁ ፕላዝሞን አጉሉ። ፕላዝሞን ማለት በብረት ገጽ ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖች አብረው ሲወዛወዙ የሚፈጠር ሞገድ ነው፤ ከብርሃን ጋር የተቆራኘ ነው ግን እጅግ ጠባብ ቦታ ውስጥ ይገባል። ስሙንም ስፔዘር አሉት። በ2009 በሚካኤል ኖጊኖቭ የተመራ ቡድን ሠርቶ አሳየ። መሃሉ ላይ 14 ናኖሜትር የወርቅ እምብርት፣ ዙሪያውን ቀለም የተነከረበት የሲሊካ ልባስ፣ ጠቅላላ ስፋቱ 44 ናኖሜትር። አረንጓዴ ብርሃን ሰጠ። አመጋገቡስ? በሌላ ሌዘር።

የሞናሽ ንድፍ ወርቁን በግራፊን ቁራጭ፣ ቀለሙን በናኖቲዩብ ይተካል። ናኖቲዩቡ ኃይል ሲሰጠው ኤክሳይቶን ይይዛል፤ ኤክሳይቶኑ በብርሃን መልክ ሳይወጣ በቀጥታ አጠገቡ ላለው ግራፊን ያስረክባል፤ ግራፊኑ ላይ ፕላዝሞን ይነሳል። ተመራማሪዎቹ የግራፊኑ ስፋት ስንት ይሁን፣ ቱቦው ምን ያህል ይራቅ፣ የትኛው ቅርጽ የበለጠ ፕላዝሞን ይሰጣል የሚለውን አንድ በአንድ አስልተዋል። ካርቦን ጠንካራ ነው፣ ይተጣጠፋል፣ ሙቀት ይችላል፤ ወርቅና ብር እዚህ አይደርሱም። ሸሚዙ የመጣው እንግዲህ «ይተጣጠፋል» ከምትለው ቃል ነው። አንድ ቅጽል ስንት ወሬ ወለደች!

እኔን የማያሳምነኝ የቀለሙ ነገር ነው። የግራፊን ፕላዝሞን በሙከራ በደንብ የታየው ረጅም በሆነ ኢንፍራሬድ ነው። በ2012 ሁለት ቡድኖች በዓይነ ሕሊና ሳይሆን በመሣሪያ ፎቶ ያነሱት 10 ሺህ ናኖሜትር አካባቢ ባለው ብርሃን ነው፤ ሞገዱ ከብርሃኑ 40 ጊዜ አጥሮ ሲገኝ ሁሉም ጉድ አለ። ናኖቲዩብ የሚያበራው ግን ከ1000 እስከ 1550 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ግራፊኑን በጣም በብዙ ኤሌክትሮን መሙላት ወይም ጥቂት ናኖሜትር ብቻ እስኪሆን ማሳነስ ይጠይቃል፣ ካልሆነ ግራፊኑ ብርሃኑን ራሱ ይውጠዋል። ቁራጩ በዚያ ልክ ሲያንስ ደግሞ የጠርዙ አተሞች አንድ በአንድ ልካቸውን ካልጠበቁ ፕላዝሞኑ ሳይወዛወዝ ይሞታል። ወረቀት ላይ ጠርዝ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ አይደለም።

ደግነቱ ጠርዝ የሚያስተካክሉ ሰዎች አሉ። ስዊዘርላንድ፣ ዱቤንዶርፍ የሚገኘው ኤምፓ ተቋምና ጀርመን ማይንዝ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም በ2010 አንድ ነገር አሳዩ። ግራፊንን በመቀስ ነገር ከመቁረጥ ይልቅ ከኬሚካል ሰፉት። እንዴት መሰላችሁ? ንጹሕ የወርቅ ገጽ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ላዩ ላይ ሁለት ብሮሚን የተለጠፈባቸው የካርቦን ሞለኪውሎች ይበተናሉ። ወርቁ ወደ 200 ዲግሪ ሲሞቅ ብሮሚኑ ይወድቃል፣ ሞለኪውሎቹም ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ሰንሰለት ይሆናሉ። ሰንሰለቱ ገና የተጣመመ ነው። ወደ 400 ዲግሪ ሲደርስ ትርፍ ሃይድሮጂኑ ይለቃል፣ ሰንሰለቱ ተዘርግቶ ልሙጥ ይሆናል፤ ስፋቱ ሰባት የካርቦን አተም የሆነ ሪባን፣ አንድ አተም የማይጎድል አንድ አተም የማይተርፍ ጠርዝ ያለው። ናኖሪባን ይሉታል። ስፋቱን መለወጥ ከፈለጉ የሚነሱበትን ሞለኪውል ይለውጣሉ፣ ያኔ ቀለሙም ይለወጣል። በ2018 ስትራስቡርግ ውስጥ አንዱን ሪባን በማይክሮስኮፕ ጫፍ ከወርቁ ላይ ብድግ አድርገው ኤሌክትሪክ ሲያሳልፉበት ደማቅ ቀይ ብርሃን ሰጠ። ብድግ ማድረጉ ግድ ነበር፤ ወርቁ ላይ እንደተኛ ወርቁ ብርሃኑን ይበላዋል። በኤሌክትሪክ መሆኑን ልብ በሉ። ግን አንድ ሪባን፣ አንድ መርፌ፣ አየር የሌለበት ዕቃ። አምፖል ነው፣ ሌዘር አይደለም።

እውነተኛ ሌዘር የሆነው ከዚህም ያነሰው ነው፤ ናኖግራፊን የሚባለው፣ በጥቂት ደርዘን የካርቦን አተሞች የተሠራ ቁራጭ። በ2019 ስፔን፣ አሊካንቴ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የማሪያ ዲያዝ-ጋርሲያ ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኖ ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ ላይ ያወጣውን ሥራ በግሌ ከዚህ መስክ ሁሉ አስበልጠዋለሁ። ሞለኪውሎቹን በፈሳሽ አሟሟ፣ ከፕላስቲክ ጋር ቀላቀለ፣ በቀጭኑ አፈሰሰ፣ ብርሃኑን በሚያመላልስ በጣም ደቃቅ መስመር ባለው ገጽ አዋቀረው። ሌዘር ሆነ። የዚግዛግ ጠርዝ ያላቸው እነዚህ ሞለኪውሎች ሲያንሱ ሲተልቁ ቀለማቸው ይለወጣል። በቫኩም ዕቃ አይደለም፣ በወርቅ አይደለም፣ ቀለም እንደ መቀባት ነው የሚሠራው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ሶኬቱ ነዋ! እሱም በሌላ ሌዘር ነው የሚነሳው።

ለምን ይሆን ሁሉም እዚህ ላይ የሚቆመው? በብርሃን ስትመግቡት የምትፈጥሩት ጥንድ አብዛኛው ብርሃን ሰጪ ነው። በኤሌክትሪክ ስትመግቡት ግን ኤሌክትሮኑና ቀዳዳው ከየአቅጣጫው መጥተው በአጋጣሚ ነው የሚገናኙት፣ በአጋጣሚ ሲገናኙ ከአራቱ ሦስቱ በእሽክርክሪታቸው ምክንያት ጨለማ ጥንድ ይሆናሉ። እነሱም ዝም ብለው አይቀመጡም፣ ብርሃን ሰጪውን ያጠፉታል። በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስገባው ብረት ራሱ ብርሃን ይውጣል። በዚያ ላይ ለሌዘር የሚበቃ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ቁሱ ይቃጠላል። ሦስት ጠላት በአንድ ጊዜ።

በዚህ መስክ የሚሠሩ ሰዎች ለምን ጠንቃቃ እንደሆኑ ለመረዳት የያን ሄንድሪክ ሾንን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ሾን ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ የሚሠራ ወጣት ፊዚሲስት ነበር። በ2000 ሳይንስ መጽሔት ላይ ከካርቦን ውሕድ ክሪስታል በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሌዘር ሠራን ብሎ ከባልደረቦቹ ጋር አወጣ። ዓለም ጉድ አለ። ስንት ላብራቶሪ ሊደግመው ሞከረ፣ አልሆነም። በ2002 የተቋቋመ አጣሪ ኮሚቴ ሾን መረጃ ፈብርኮ እንደነበር አረጋገጠ፣ ባልደረቦቹን ግን ነጻ አደረገ። ሾን ተባረረ፣ ሳይንስም ሌዘሩን ጨምሮ የእሱን ጽሑፎች ሰረዘ። ከዚያ በኋላ ቃሉን ለመጥራት እንኳ ሰው ፈራ። የጃፓኑ ኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ የቺሃያ አዳቺ ቡድን በ2019 በኤሌክትሪክ የሚነሳ የካርቦን ውሕድ ሌዘር ይዞ ሲመጣ ርዕሱ ላይ ያለው «ምልክት» የሚል ነው፤ «ሠራን» አላሉም። በ2023 ደግሞ የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ብልሃት አመጣ፦ ኤሌክትሪኩና ሌዘሩ አንድ ቦታ ለምን ይጋጫሉ? ኤሌክትሪኩን ለብቻው ለአምፖሉ ሰጡት፣ አምፖሉን ከሌዘሩ ጋር አጣብቀው ሠሩት፣ ብርሃኑ ወደ ሌዘሩ ይሻገራል። ከውጭ ስታዩት የምትሰኩት ኤሌክትሪክ ነው። በብልጭታ ብቻ የሚሠራ ቢሆንም ለናኖግራፊኖቹ የሚያዋጣው መንገድ ይኸኛው ነው ብዬ አስባለሁ።

እስካሁን ካርቦን ሌዘር ቤት አልገባም ብዬ የጻፍኩ ከመሰላችሁ ግን ተሳስታችኋል። ገብቷል፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ በጓሮ በር። ሴ ሴትና ሺንጂ ያማሺታ ጃፓን ውስጥ የናኖቲዩብ ንጣፍ ወስደው በሁለት ፋይበር ጫፎች መካከል አስገቡት። ማገናኛውን ስትከፍቱት ከፋይበሩ ጫፍ ላይ የምትታይ ጠቆር ያለች ስስ ነገር ናት፣ በቃ። ሥራዋ ብርሃን መስጠት ሳይሆን መዋጥ ነው። ደካማ ብርሃን ሲመጣ ትውጠዋለች፤ ኃይለኛ ብርሃን ሲመጣ ትጠግብና ታሳልፈዋለች። ስለዚህ በሌዘሩ ውስጥ ከሚዞረው ብርሃን ጉልበተኛው ብቻ እየተመረጠ፣ እየጠበበ፣ በመጨረሻ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ በሚባል ቤት የሚለካ ብልጭታ ይሆናል። ግራፊንም ከ2009 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ዋለ፤ አንዱ ንጣፍ ከሚያልፍበት ብርሃን 2.3 በመቶ ይውጣል፣ ቀለም አይመርጥም። ከሰል ብርሃን ይውጣል ብለን አልነበር? ጠባዩን ተጠቀሙበት። ይህኛው የካርቦን ሌዘር ግን የሸሚዝ ስልክ ስለማይሆን ዜና አልሆነም።

ተፎካካሪው ደግሞ አይተኛም። የቤልጅየሙ የቺፕ ምርምር ተቋም ኢሜክ በጃንዋሪ 2025 ኔቸር ላይ ባወጣው ሥራ ጋሊየም አርሴናይድ ሌዘሮችን በቀጥታ 300 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የሲሊከን ሰሌዳ ላይ አሳድጎ፣ በኤሌክትሪክ አስነስቶ አሳይቷል። አይስማሙም ያልኳችሁን ሁለቱን በጠባብ ቦይ ውስጥ እያሳደጉ አስማሟቸው። ዳታ ሴንተር የሚሠራ ሰው ይህን እያየ ካርቦንን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ የ1310ና የ1550ን ገበያ ካርቦን ይቀማል ብዬ አልወራረድም።

የምወራረደው በሌላ ነው። ሌዘር መሆን ባያስፈልገውስ? በ2017 የአሜሪካው የሎስ አላሞስ ላብራቶሪ የሃን ህቱንና የስቲቨን ዶርን ቡድን ያንኑ ሆን ተብሎ የተተከለ እንከን ተጠቅሞ ናኖቲዩብ በአንድ ጊዜ አንድ ፎቶን (አንድ የብርሃን ቅንጣት) ብቻ እንዲሰጥ አደረገ፤ በ1550 ናኖሜትር፣ በክፍል ሙቀት፣ ያለ ማቀዝቀዣ። አንድ እንከን አንድ ኤክሳይቶን ስለሚይዝ ብዛት አያስፈልግም። ብዛት ካላስፈለገ መጨራረሱም የለም፣ የሚሻገሩት ልክም የለም። ሌዘር የሚጠይቀውን ሁሉ የማይጠይቅ ሥራ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምንጭ ለኳንተም ምስጢራዊ ቁልፍ ልውውጥ ይፈለጋል፤ ቁልፉን በመንገድ ላይ ሊሰርቅ የሞከረ ሰው የሚታወቅበት ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ፎቶን ከሌላው ጋር ቁርጥ አንድ መሆን አለበት የሚሉ ሌሎች የኳንተም ሥራዎች ገና ይከብዱታል፣ በክፍል ሙቀት የቱቦው ንቅናቄ ቀለሙን ያደበዝዘዋልና። ለቁልፉ ግን ቁርጥ አንድ መሆን ግዴታ አይደለም፣ አንድ በአንድ መውጣቱ ይበቃል። የቀረው ፎቶኑን ሳይባክን ወደ ፋይበሩ ማስገባትና በኤሌክትሪክ ማስነሳቱ ነው። እዚህም ሶኬቱ አለች፣ ግን ለአንድ ፎቶን የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ለሌዘር ከሚያስፈልገው ጋር አይወዳደርም።